በአባቴ ደብተር የተጻፈው ዕዳ የማን ነው?

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ ነው። 36 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ስሆን በአንድ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። አባቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እናቴ ቀድማው ነው ያለፈችው። ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ ከዚራ ያለውን ቤታችንንና መጋላ የሚገኘውን የጨርቅ ሱቅ ትቶልናል። ወንድሜ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። ሁለቱንም ሸጠን እንድንካፈል ይፈልጋል፤ ለቤቱም ገዢ አግኝቷል። ገዢው ግቢው ባዶ ሆኖ እንዲረከበው ይፈልጋል።

ግቢው ግን ባዶ አይደለም። ከኋላ ባለችው ሰርቪስ ቤት እታባ አለች። እታባ የምላት ያሳደገችኝን ሴት ነው። በ1977ቱ ድርቅ ከጋራ ሙለታ በኩል የ14 ዓመት ልጅ ሆና መጥታ እናቴ ቤት ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ከዚያ ግቢ ወጥታ አታውቅም። እኔ በተወለድኩ በሁለተኛው ወር እሷም ሴት ልጅ ወለደች። የልጅቷ አባት ወታደር ነበር፤ ከሰሜን ግንባር አልተመለሰም። ከልጇ ጋር አብረን አደግን እላለሁ፤ ሆኖም እኔ የሚስዮን ትምህርት ቤት ስማር እሷ ቀን ቀን እናቷን እያገዘች በማታ ነው እስከ 10ኛ ክፍል የደረሰችው። በግንቦት ሙቀት እኔ ቬራንዳው ላይ አጎበር ተዘርግቶልኝ፣ ቬንቲሌተር ተከፍቶልኝ ስተኛ እነሱ ግቢው ውስጥ ሰሌን አንጥፈው ይተኙ ነበር። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም። ዛሬ ልጅቷ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በልብስ ስፌት ትሠራለች፤ ገንደ ቆሬ አንዲት ክፍል ተከራይታ ከወንድ ልጇ ጋር ትኖራለች።

ነገሩ የከበደኝ የአባዬን ደብተር ካገኘሁ በኋላ ነው። አባዬ የሰጠውንም የተቀበለውንም በእጁ የሚጽፍ ሰው ነበር። አንዱ ገጽ ላይ የእታባ ስም አለ። ከመስከረም 1978 እስከ ነሐሴ 1986 በወር 20 ብር፣ ከዚያ እስከ ነሐሴ 1995 በወር 40 ብር ተጽፏል። በእያንዳንዱ መስመር ጎን ‹ለእሷ የተቀመጠ› ይላል። ‹ተከፈለ› የሚል አንድም ቦታ የለም። ደመርኩት፤ 6,480 ብር ሆነ። ከ1995 በኋላ ገጹ ባዶ ነው።

ለወንድሜ ስነግረው ሳቀ። ‹6,480 ብሯን ስጫትና ይብቃ› አለኝ። ‹በልታለች፣ ለብሳለች፣ ታክማለች፤ እንደ ቤተሰብ ነው የኖረችው። የአያታችንን ሁለት ቤቶች ደርግ ሲወርስ እኛን ማን ካሰን?› ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ‹ዓለም እንዲህ ነው የተሠራችው፤ ካፒታሊዝም ነው። አንዱ ሱቅ ይወርሳል፣ ሌላው ድህነት ይወርሳል፤ አንቺ አላመጣሽውም› እያለ ሊያጽናናኝ ይሞክራል። ልጇ ቤቱ ሊሸጥ መሆኑን ሰምታ ‹እናቴን እኔ እወስዳታለሁ፤ ምጽዋት አንፈልግም› ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። እታባ ራሷ ምንም አትልም። እኔ ሳቢያን ነው የምኖረው፤ ጠዋት ወደ ሥራ ሳልፍ ጎራ ስል አሁንም ግቢውን ስትጠርግ አገኛታለሁ።

እንቅልፍ አጥቻለሁ። አንዳንዴ የድርሻዬን ግማሽ ልስጣት እላለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ ይህ ሁሉ ስሜት ነው፣ ነገ ይቆጨኛል እላለሁ። ትምህርቴም፣ ሥራዬም፣ የምኖርበት ቤትም ከእነሱ የተወሰደ እየመሰለኝ ነው። ምን ላድርግ?»

ውድ እህቴ፣

ንዴቴን በመጀመሪያ ላውጣውና ልረፍ። ያበሳጨኝ የወንድምሽ ሳቅ ነው። 6,480 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ እሱም ያውቃል፤ ቁጥሩን የወደደውም ለዚሁ ነው። ክፉ ሰው ነው ብዬ ግን አልደመድምም። አባቱን የቀበረ፣ ከሩቅ ሆኖ ውርስ የሚያጣራ ሰው ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅለት ይፈልጋል። ቶሎ የሚያልቅ ነገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው ዝም ባለው ሰው ኪሳራ ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ። በደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ነገር ተደባልቆብሻል፤ አንዱ ጸጸት ነው፣ ሌላው ዕዳ። ጸጸቱ ሰፊ ነው። ትምህርት ቤቱን፣ ሥራሽን፣ አጎበሩን፣ ቬንቲሌተሩን ሁሉ ያግበሰብሳል፤ ተከፍሎ አያልቅም፣ ‹ተቀብያለሁ› ብሎ የሚፈርምልሽም የለም። ዕዳው ጠባብ ነው። ስም አለው፣ ቀን አለው፣ የአባትሽ የእጅ ጽሑፍ አለው። የድርሻዬን ግማሽ ልስጥ ስትዪ ለጸጸትሽ ዋጋ እየተመንሽለት ይመስለኛል። ለምን ግማሽ? ለምን ሩብ አይሆንም? ሁሉንምስ ለምን አይሆንም? ነገ ይቆጨኛል ብለሽ መፍራትሽ ልክ ነው፤ በስሜት የተሰጠ ብዙ ጊዜ ይቆጫል። ስለዚህ ጸጸቱን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊውና ዕዳውን ክፈዪ።

ባለቤትሽ ካፒታሊዝም ነው ብሏል። እሺ፣ በራሱ በካፒታሊዝም ሕግ እንሂድ። አንቺ የባንክ ሰው ነሽ፤ አንድ ድርጅት ሲፈርስ ገንዘቡ በምን ቅደም ተከተል እንደሚከፈል ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ባለአክሲዮኑ እጁን የሚዘረጋው አበዳሪዎች ከተከፈሉ በኋላ ነው፣ ያውም የተረፈ ካለ። የሟች ውርስም እንደዚያው ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የቀብርና የማጣሪያ ወጪው ከተነሣ በኋላ የሟቹ ዕዳ እንዲከፈል ያዛል፤ ልጆች የሚካፈሉት ከዚያ የተረፈውን ነው። በሸሪዓም ቢሆን ዕዳና ኑዛዜ ሳይነሣ የወራሽ ድርሻ አይታሰብም፤ ይህንን መጋላ ውስጥ የሚነግድ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ እታባ የልጆቹን ቸርነት በር ላይ ቆመው የሚጠብቁ ሰው አይደሉም። በወረፋው ከአንቺም ከወንድምሽም ፊት ናቸው።

ወንድምሽ ጠበቃ ቢያማክር ‹ይርጋ አልፎታል›፣ ማለትም ዕዳው በሕግ የሚጠየቅበት ጊዜ አልፏል፣ ሊባል ይችላል። ይሆናል። ነገር ግን ይርጋን ባለዕዳው ራሱ ካላነሣው ፍርድ ቤት ከራሱ አያነሣውም፤ አሁን በባለዕዳው ቦታ የቆማችሁት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ይርጋው ከእናንተ አፍ ካልወጣ የለም ማለት ነው።

‹ለእሷ የተቀመጠ› በሚለው ላይ ጥቂት ላቆይሽ። ይህ በብዙ ቤት የነበረ ልማድ ነው። ልጅቷ ገንዘብ አታውቅበትም፣ ዘመድ ይበላባታል፣ እኛ ጋ ይቀመጥላት ይባላል። አባትሽ በክፋት አደረጉት ብዬ አላስብም፤ ሊክድ የፈለገ ሰው በየወሩ አይጽፍም። ግን የት ነው የተቀመጠው? በባንክ ቢሆን የቁጠባ ደብተሩ ከወረቀቶቻቸው መካከል ይገኝ ነበር። የተቀመጠው ሱቁ ውስጥ ነው። ያ 20 ብር ከባቡር የወረደ ጣቃ ሆኖ ተገዝቷል፣ በሜትር ተቆርጦ ተሸጧል፣ ትርፉ እንደገና ሌላ ጣቃ ሆኗል። ወለድ የማይታሰብበት፣ መያዣ የማይጠየቅበት፣ የመክፈያ ቀን የሌለው ብድር ነው። በምትሠሪበት ባንክ እንዲህ ያለ ብድር ቢታወጅ ሰልፉ ጣቢያ ድረስ ይደርስ ነበር።

አባትሽ አልደከሙም እያልኩ አይደለም። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ሱቅ የከፈቱ፣ ዕቃ ሲራገፍ በፀሐይ የቆሙ ሰው ይሆናሉ፤ ስለ እሳቸው ያለሽን ፍቅር ማንም እንዲነካብሽ አልፈልግም። ያን ሰዓት እሳት አንድዶ ቁርስ ያቀረበ፣ ማታም በር የከፈተ ሌላ ሰው እንደነበረ ብቻ አትርሺ። የአንደኛው ድካም ሱቅና ቤት ሆኖ ተመዝግቦ ለልጅ ተላለፈ። የሌላኛዋ ድካም ‹እንደ ቤተሰብ› የሚል ስም ተሰጠው። ለወንድምሽ በትሕትና አንድ ጥያቄ አቅርቢለት፦ ቤተሰብ ከሆኑ ድርሻቸው የት አለ? ሠራተኛ ከሆኑ ደመወዛቸው የት አለ? የፈለገውን ይምረጥ። በልታለች ላለው ደግሞ፣ ያበሰሉትም እሳቸው ናቸው።

የአያትሽ ቤቶች ጉዳይ ግን እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። በ1967 ሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ በኪራይ ይተዳደሩ የነበሩ ባልቴቶች ሳይቀሩ በአንድ ቀን አንጡራ ሀብታቸውን አጥተዋል። በእናንተም ቤት ይህ ቁስል ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ወንድምሽ እንደወረደ ይታየኛል፤ ቁስልም ይወረሳል። ነገር ግን የወረሰው መንግሥት ነው። እታባ ያን ጊዜ ጋራ ሙለታ ሥር የ4 ዓመት ሕፃን ነበሩ። ደርግ የወሰደውን ቤት ከእሳቸው ደመወዝ ማካካስ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ነው። ሁላችንም ታሪክን መቁጠር የምንጀምረው እኛ ከተበደልንበት ዓመት ነው፤ ወንድምሽም ከ1967 ይጀምራል፣ ከ1978 መጀመር ግን አይፈልግም። ወደ ኋላ እንሂድ ከተባለማ የከተማችን የራሷ አመሠራረት አለ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 እዚህ ሲደርስ ከዚራ በባቡር ኩባንያው ፕላን መንገዱ ቀጥ ብሎ፣ ዛፍ ተተክሎለት ተሠራ፤ መጋላ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ እንደሚሆን ሆኖ አደገ። የዚያን ሒሳብ የሚዘጋ የለም። አንቺ እንድትዘጊ የተጠየቅሽው የአንድ ገጽ ሒሳብ ነው።

‹አንቺ አላመጣሽውም› የሚለው የባለቤትሽ ቃል እውነት ነው፤ ሊያጽናናሽም ይገባል። በ1998 ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ዝናቡን ያመጣው ሰው አልነበረም። በአሸዋው ዳር ቤት ሠርቶ የተኛው ማን እንደነበረ ግን ድሬዎች እናውቃለን፤ አብዛኛው ሌላ ቦታ የመሥራት አቅም ያልነበረው ነው። አላመጣሁትም ማለትና አይመለከተኝም ማለት ይለያያሉ። ባለቤትሽ የመጀመሪያውን ብሎሽ ሁለተኛውን እንዳትሰሚው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እታባን ጠይቀሻቸዋል? በደብዳቤሽ ውስጥ ሁሉም ተናግሯል፤ ወንድምሽ፣ ባለቤትሽ፣ ልጃቸው፣ አንቺ። ስለ እሳቸው የጻፍሽልኝ ግቢ እንደሚጠርጉ ነው። ገንዘቡ እንዳለ ያውቁ ይሆን? ‹ተቀምጦልሻል› ተብለው ይሆን? አንድ ጊዜ ጠይቀው ዝም ተሰኝተው ይሆን? በ1996 ገጹ ባዶ ሲሆን ደመወዙ ነው የቆመው ወይስ መጻፉ? ይህንን የሚያውቁት በሕይወት ያሉ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ እሳቸው ሂጂ። የዕረፍት ቀንሽ ይሁን፣ ልጆችሽን አታስከትዪ። ስኳርም ቡናም ነጠላም እንዳትይዢ፤ ስጦታ ከያዝሽ ንግግሩ የስጦታ ይሆናል። የአባትሽን ደብተር ብቻ ይዘሽ ቁጭ በዪና ገጹን እያነበብሽ አሰሚያቸው፤ ወሩን፣ ብሩን፣ በጎኑ የተጻፈውን። ‹ይህ የእርስዎ ገንዘብ ነው፤ አልተከፈለዎትም። እኔና ወንድሜ ልንከፍልዎት ይገባል። እንዴት ቢሆን ይወዳሉ?› በያቸው። ሁልጊዜ ‹አንቺ› የምትያቸው ከሆነ በዚያው ቀጥዪ፤ ዋናው ጥያቄው ነው። ልቅሶ ቢመጣብሽ ቻይው። አንቺ ካለቀስሽ እሳቸው ያባብሉሻል፤ አንቺን ማባበል የኖሩበት ሥራ ነው፣ ጉዳዩም እዚያው ላይ ይቀራል።

የመጀመሪያ መልሳቸው ‹ምን ቸገረኝ ልጄ፣ አንቺ ብቻ ኑሪልኝ› ሊሆን ይችላል። ደስ ብሎሽ አትቀበዪው። ከ40 ዓመት በላይ በሰው ቤት በይሉኝታ የኖረ ሰው በአንድ ቁጭታ ‹ገንዘቤን አምጪ› አይልም። አመስግነሽ ተነሽና በሳምንቱ ተመለሺ፤ ሁለተኛው ላይ ልጃቸው እንድትገኝ ለምኚ። በእናቷ ፊት የማይነገረውን እሷ ትናገረዋለች፤ ጆሮሽን ቢያቃጥለውም አዳምጪ።

አደራ የምልሽ ደግሞ ይህ ነው፦ ‹እኔ ጋ ትኑር›፣ ‹ቤት እገዛላታለሁ›፣ ‹በእኔ ስም ላስቀምጥላት› እንዳትዪ። አባትሽም ያሉት ይህንኑ ነው። ገንዘቡ በራሳቸው ስም በተከፈተ ሒሳብ፣ በራሳቸው ፊርማ ወይም በጣት አሻራቸው የሚንቀሳቀስ ይሁን። ከፈለጉ ለቤተ ክርስቲያን ይስጡት፣ ከፈለጉ ለልጃቸው፣ ከፈለጉ ጋራ ሙለታ ሄደው ለዘመድ ያከፋፍሉት። ምን እንዳደረጉት ካስጨነቀሽ አሁንም ያንቺ ገንዘብ እየመሰለሽ ነው ማለት ነው።

ሒሳቡ እንዴት ይታሰብ? በባንክ ወለድ ከሄድሽ፣ በ7 በመቶ ገንዘብ በ10 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ የ1995ቱ 6,480 ብር ሁለት ጊዜ ታጥፎ 26 ሺህ ብር ገደማ ይደርሳል። በዶላር ከሄድሽ ሌላ ነገር ይወጣል። እስከ 1985 መግቢያ ድረስ አንድ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር የሚመነዘረው። ከ1978 እስከ 1984 የተጻፈው 1,680 ብር ብቻውን ከ800 ዶላር በላይ ነበር፤ ዶላር ከ100 ብር ባለፈበት በዛሬው ገበያ እሱ ብቻ ከ80 ሺህ ብር ይበልጣል። አየሽ፣ ትክክለኛው ቁጥር በየት መለኪያ እንደሚለካ የሚመርጠው ሰው ነው፤ ወንድምሽ ከሁሉ የሚያንሰውን መርጧል። እኔ ብሆን ሦስተኛውን እመርጣለሁ። ዛሬ በድሬዳዋ ለአዳሪ የቤት ሠራተኛ የሚከፈለውን የወር ደመወዝ ጠይቂና በደብተሩ ባሉት 216 ወራት አባዢው። የሚጠረገው ግቢ በ1978ም አሁንም ያው ነው፣ ስፋቱ አልቀነሰም። ከ1996 ወዲህ ያሉትን ዓመታት እሳቸው በሚነግሩሽ ላይ ተመሥርተሽ ጨምሪ። ድምሩ ሊያስደነግጥሽ ይችላል፤ የከዚራ ቤትና የመጋላ ሱቅ የሚያወጡትን አጠገቡ ስታስቀምጪው ግን ድንጋጤው የሚቀንስልሽ ይመስለኛል።

ገንዘቡና መኖሪያው ለየብቻ ይታዩ። ቤቱ የሚሸጥ ከሆነ ዕዳው ከዋጋው ላይ ተነሥቶ ይከፈል፣ ከዚያ በኋላ ተካፈሉ፤ ርክክቡም እታባ የሚገቡበት ቤት ከተገኘ በኋላ ይሁን። ተከራይተው መኖርን ከመረጡ ውሉ በእሳቸው ስም፣ በጽሑፍ ይሁን፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። አንቺ የወንድምሽን ድርሻ ገዝተሽ ቤቱን የምታስቀሪው ከሆነና እሳቸውም እዚያው መቆየትን ከወደዱ፣ በሕጋችን የአላባ መብት የሚባል አለ፤ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ያችን ቤት የመጠቀም መብት ማለት ነው። ይህ በቃል አይሆንም። የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ስጦታ እንደ ግልጽ ኑዛዜ ባለ ሥርዓት ካልተደረገ ዋጋ የለውም፤ በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ የሚፈረም ነው። ‹እኔ እያለሁ ማን ይነካሻል› የሚለው ተስፋ ነገ አንቺ ብትሞቺ ለልጆችሽ ምንም አይነግራቸውም።

ይህንን ሁሉ የምልሽ ሌላ የሚይዙት ነገር ስለሌላቸውም ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ላልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠረን ሰው አይመለከትም። የስንብት ክፍያ በሚባለው በር እሳቸው መግባት አይችሉም። ልጃቸው ከፋብሪካ ብትሰናበት የሚጠየቀው ነገር፣ እናትየዋ ከዚህ ግቢ ሲወጡ አይጠየቅም።

ከወንድምሽ ጋር በስልክ ስለ ፍትሕ አትከራከሪ። እሱ ያሸንፍሻል፤ ወይም ሁለታችሁም ትሸነፋላችሁ። የገጹን ፎቶ ላኪለትና ‹የአባዬ ዕዳ ነው፣ ከክፍያ በኋላ እንካፈላለን› በዪው፤ በቃ። ያልተከፋፈለ ውርስ ያለ አንቺ ፊርማ አይሸጥም፤ ስለዚህ የምትቸኩዪበት ምክንያት የለም። እንቢ ካለ ፍርድ ቤት ውርስ አጣሪ እንዲሾም መጠየቅ ትችያለሽ፤ ደብተሩም ለአጣሪው ይቀርባል። ወደዚያ ሳትደርሱ የአባትሽን የቅርብ ጓደኛ ወይም አንድ የሚያከብረውን ሽማግሌ ብታስገቢ ደግሞ ይሻላል፤ ነጋዴ ቢሆኑ ይመረጣል፣ ነጋዴ የሌላ ነጋዴን ደብተር አይንቅም። ያም ሳይሳካ ቢቀር ያንቺን እኩሌታ ክፈዪ። የእሱንም ደርበሽ መክፈል አለብሽ ወይ ብትዪኝ እውነቱን ለመናገር ሁለት ልብ ነኝ። እታባ ገንዘባቸው ሙሉ ሆኖ ቢደርሳቸው ደስ ይለኛል፤ አንቺ ደግሞ የወንድምሽን ነውር እየሸፈንሽ እንድትኖሪ አልፈልግም። ከሁለቱ በየትኛው ቂም እንደማትይዢ አንቺ ራስሽን ታውቂያለሽ።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በውርስ ያገኘሽውን የግልሽ ንብረት ያደርገዋል። ይህን የነገርኩሽ ፊቱ ላይ እንድትወረውሪው አይደለም፤ ውሳኔው ያንቺ እንደሆነ አውቀሽ ተረጋግተሽ እንድታዋዪው ነው። ደብተሩን አይቶታል? ካላየው አሳዪው። ‹ካፒታሊዝም› ከሚለው ቃል ይልቅ ‹ለእሷ የተቀመጠ› የሚለውን ሰው ሲያነብ ፊቱ ይለወጣል።

ወደ ጎን ያደረግነው ጸጸትሽስ? ትምህርትሽን መመለስ አትችዪም፤ ቢቻልም ለማንም አይጠቅምም። ግን አንቺ ሥራ ስትውዪ ልጆችሽን የምትይዘው ማን ናት? ደመወዟ በየወሩ በእጇ ይገባል ወይስ ‹እኔ ጋ ተቀምጦላታል›? በማታ ትማራለች? ስንት ሰዓት ትተኛለች? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም።

የቀረችው ልጃቸው ናት። ስልክ ዘግታብሻለች፤ ይቅር በዪኝ ብለሽ አትከተያት። አብረን አደግን ስትዪ እሷ ያንን ጊዜ እንዴት እንደምታስታውሰው አታውቂም፤ ሰሌኑ ላይ የተኛችው እሷ ናትና ከአንቺ የበለጠ ታስታውሰዋለች። የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ለመክፈል ልብሽ ቢነሣሣ እንኳ በዚህ ንግግር ውስጥ እንዳታነሺው፤ ዕዳና ርዳታ በአንድ ቀን ከቀረቡ ዕዳውም ርዳታ ይመስላል። ‹ምጽዋት አንፈልግም› ያለችው ልክ ናት። የገጹን ቅጂ ስጫት። እናቷን አማክራ ልትቀበል ትችላለች፤ ቅጂውን ይዛ ጠበቃ ጋ ልትሄድም ትችላለች። ጠበቃ ጋ ከሄደች አትቀየሚያት፤ እንዲያውም ለወንድምሽ ከአንቺ ልመና ይልቅ የጠበቃ ደብዳቤ ሊገባው ይችላል። ይህ ሁሉ ግን ገዢው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ይጀመር። ቀብድ ከተቀበላችሁ በኋላ ወንድምሽን ማስቆም ይከብድሻል፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ደውይለትና ከገዢው ምንም እንዳይቀበል ንገሪው።